በስክሪኑ ላይ ስድስት ነበሩ

እኔ ከአምስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ስለ ድሮን ልጽፍ ነው ብል «እሷ ደግሞ ከየት አመጣችው?» ማለታችሁ አይቀርም። እውነታችሁን ነው፤ ስለ ማሽኑ ብዙም አላውቅም። የማውቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እሱን ግን ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ደቂቃ በደቂቃ አውቀዋለሁ። ድሮን ያላችሁም፣ ጫካ ዳር የምትኖሩም፣ ለሰው መልእክት አድርሱ የምትባሉም ብትሰሙት ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው የካ ላይኛው ሰፈር ነው፤ ቤቱ አልቆ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ጥግ። ባለቤቴ የሞተው ልጄ ቅድስት አራት ዓመት ሲሆናት ነው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሜ እየሸጥኩ አሳደግኳት። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ለሹፌሮችና ለወዛደሮች ሽሮ መሸጥ ጀመርኩ፤ አሁንም በዚያው ነኝ። ቅድስት ተምራ ጉርድ ሾላ አንድ የቪዲዮና የካርታ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጥራለች። ድሮን ታበራለች፤ ፈቃድም አላት።

በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ታክሲ ተራ ደርሼ ተመልሼ የማረጋግጥ ሴት ነኝ። ቅድስት ለሥራ በወጣች ቁጥር «ፈቃዱን ይዘሻል? ኮፒውንስ?» ሳልላት አላሳልፋትም። አንድ ቀን ብርድ እንዳይመታው ብዬ ድሮኑን በጋቢ ጠቅልዬ ብትደርስብኝ፣ «እማዬ፣ ድሮን ነው እንጂ አራስ ልጅ አይደለም እኮ!» ብላ እስክታለቅስ ሳቀችብኝ።

ጅብ ለሰፈራችን እንግዳ አይደለም። ይጮኻል፣ ቆሻሻ ይለቅማል፣ ይሄዳል። በዚያ ክረምት መውጫ ላይ ግን አንድ የፊት እግሩን የሚያነክስ ጅብ ፀባዩን ለወጠ። ሰው መፍራት ተወ። መጀመሪያ በግ ወሰደ። ቀጥሎ ጎህ ሲቀድ ከሥራ የሚመለስ ዘበኛን ጭኑን ነከሰው። እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በቡድን በቡድን ሆነው ማድረስ ጀመሩ። የሰፈሩ ኮሚቴ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመልክቶ ያን የሚያነክሰውን አንዱን ጅብ ብቻ ለማስወገድ ተፈቀደለት። ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝም ያሉ አዳኝ ተመደቡልን።

ጫካው ግን ሰፊ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ግርማ «የቅድስት ድሮን እያለ እኛ ምን አስጨነቀን!» አሉ። የቅድስት አለቆች ተስማሙ፤ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት ፈቃድም ወጣ። መሥሪያ ቤቷ በሙቀት የሚያይ ካሜራ አለው። ቅጠል መካከል የተኛ ነገር ሙቀት ካለው፣ ቅጠሉ እስከሳሳ ድረስ በስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ከቀኑ በፊት ሐሙስ ዕለት እኛ ግቢ ተሰብስበን ተነጋገርን። ጋሽ ደምሴ የመጣላቸውን ሻይ ሳይነኩ ቅድስትን አዩአት።

«ልጄ፣ ያንቺ ማሽን ይፈልጋል፣ እኔ እተኩሳለሁ። ሁለቱ ግን ባንድ ላይ አይሆንም።»

«እንዴት ማለት ጋሼ?»

«ድሮኑ አየር ላይ ካለ እኔ ጥይት አላጎርስም። አጉርሼም ከሆነ ድምፁን ከሰማሁ አወጣዋለሁ። አውሬን ከላይ እያሳደዱ መግደል አደን አይባልም። ደግሞም ሽቅብ የሚያንጋጥጥ ሰው ፊቱ ያለውን አያይም።»

«እሺ።»

«ባየንበት ቀንም አንሄድም። ዛሬ ካየሽ ነገ ነው የምሄደው። ችኩል እጅ እኔ አልወድም። አንቺ የምትነግሪኝ ጥቆማ ነው፤ ማነከሱን በዓይኔ ሳላይ አልተኩስም።»

አቶ ግርማ ሳቅ አሉ። «ጋሽ ደምሴ፣ ጅብ እኮ ነው፤ ሽማግሌ ልንልክበት ነው እንዴ?»

«ጅቡስ ጅብ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «እኔ የምፈራው ጅብ ያልሆነውን ነው። ጫካው ውስጥ ሰው እንዳይገባ ለሕዝቡ በደንብ ይነገር።»

«እሱን ለቅድስት እናት ተዉት» አሉ አቶ ግርማ። «እሷ ከነገረች ድመትም አትወጣም።»

ሰው ሲበታተን አቶ ግርማ በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። «ስሚኝ፣ ስለ ጠመንጃው አታንሺ። አደን ነው ካልሽ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ይወጣል፤ ሥራው ይበላሻል። ድሮን ጫካውን ፎቶ ሊያነሳ ነው፣ እንዳትደነግጡ፣ ወደዚያም አትሂዱ በይ፤ በቃ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ለእኔም ተመቸኝ። ጠመንጃ የሚለው ቃል ከልጄ ስም ጋር እንዲነሳ አልፈለግኩም። ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር «የእነ ቅድስት ድሮን አስገደለ» ይላሉ፤ ድንጋይ ይወረውሩባታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዓርብ ሙሉ ቀን ቤት ለቤት እየዞርኩ ግማሹን ብቻ ነገርኩ። አንድም ቤት አልዘለልኩም። በጥንቃቄዬ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

አመሻሹ ላይ ቦኖው ጋ አለሚቱን አገኘኋት። አለሚቱ ጭራሮ የምታመጣልኝ ሴት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት፣ እንደ ጥንቱ እኔ። ጀሪካኗን እየሞላች ነበር።

«አለሚቱ፣ ነገ ድሮን ጫካውን ፎቶ ሊያነሳ ነው፣ እንዳትደነግጪ።»

«ጫካውን? ለምንድን ነው እትዬ?»

«እንጃ... የመንግሥት ሥራ ነው። ነገ አትውጪ ባይሆን።»

«ቅዳሜ ካልወጣሁ እሑድ ምን እንበላለን?» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ደግሞ ሌላ ጥያቄ እንዳታስከትል ፈርቼ «እንግዲህ ነግሬሻለሁ» ብዬ ጥያት ሄድኩ።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ከቤቶቹ በላይ ካለችው ገላጣ ሜዳ ወጣን። ቅድስት፣ ጋሽ ደምሴ፣ አቶ ግርማና እኔ። ቅድስት «አንቺ ለምን ትመጫለሽ?» ብትለኝም ልጄ ጠመንጃ ካለበት ቦታ ለብቻዋ አትሄድም ብዬ አሻፈረኝ አልኩ። ሰማዩ ደመና ለብሷል፤ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ አለ። ለካሜራው እንዲህ ያለ ቀን ይስማማዋል አለች፤ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ሙቀት ያለው ነገር ጎልቶ ይወጣል።

ድሮኑ ተነሳ። ድምፁ የተቆጣ ንብ ይመስላል። ቅድስት ከፍ አድርጋ፣ ቀስ እያለች፣ መስመር በመስመር ታበራዋለች። አሞራ ጎጆ የሠራበት አንድ ረጅም ዛፍ ስታይ ዞር ብላ አለፈችው። አንድ ሚዳቋ ከቁጥቋጦ ብቅ ስትል አቶ ግርማ «ተከተያት፣ ተከተያት፣ እንያት!» አሉ።

«አልከተላትም። ትደነግጣለች፤ ስትሮጥ ገደል ትገባለች» አለች ቅድስት ዓይኗን ሳትነቅል።

ጋሽ ደምሴ በመስማማት ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየኋቸው። ደስ አለኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አልተገኘም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቅድስት «ቆይ... ቆይ...» አለች። ሁላችንም ከስክሪኑ ላይ ተደፋን። ከእኛ ማዶ ባለው ፈፋ ውስጥ፣ ጎኑ ጥቅጥቅ ብሎ ከላይ በሳሳ ቁጥቋጦ ሥር፣ ነጫጭ ነገሮች ተጠጋግተው ተኝተዋል።

«አንድ፣ ሁለት... አራት... ስድስት» አለች። «ስድስት ናቸው። ትልልቆችና ትንንሾች።»

«ቤተሰቡን አገኘነው!» አቶ ግርማ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ጎሬያቸው ነው!»

ጋሽ ደምሴ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ቀን ላይ ስድስት ባንድ ላይ? በዚህ ብርድ... እንጃ። ቦታውን ያዢልኝ፤ ነገ ጠዋት በእግሬ ሄጄ ዱካቸውን አያለሁ።»

«ነገ?» አሉ አቶ ግርማ። «ነገ እኮ እሑድ ነው፤ ገና ሳይነጋ ሕዝቡ በዚህ መንገድ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ስድስት ጅብ እዚያ ተኝቶ አይተን ሄደን ተኛን እንበል? ዛሬ ማታ አንድ ልጅ ቢነከስ እርስዎ ነዎት ለእናቱ የሚነግሩት?»

ጋሽ ደምሴ ወደ ሰፈሩ ጣሪያ አዩ፣ ወደ ፈፋው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚል መሰለኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በሆዴ ግን ዛሬውኑ አልቆ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ ብሄድ ብዬ ነበር።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ብርሃኑ ሳያልቅ ልሂድ። ድሮኑ ግን ይውረድ። ሳይወርድ አላጎርስም።»

ቅድስት አወረደችው። ጋሽ ደምሴ ድሮኑ መሬት ነክቶ ክንፉ ቀጥ እስኪል ጠበቁ። ስልካቸውን አጥፍተው ኪሳቸው ከተቱ፤ በአውሬ አጠገብ ስልክ ቢጮህ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። ነፋሱ ሽታቸውን ወደ ፈፋው እንዳይነዳባቸው ዙሪያውን በላይ በኩል ዞሩና ዛፉ ዋጣቸው።

እኛ ተቀመጥን። መጠበቅ እኔን አይሆንልኝም። «እስቲ ያንን ነገር መልሰሽ አሳይኝ» አልኳት ቅድስትን።

«አይተሽው የለ እማዬ?»

«በደንብ አላየሁትም። አሳይኝ።»

ቪዲዮውን ከፈተችልኝ። ነጫጮቹ እዚያው ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም።

«ለምን አይነቃነቁም?»

«ተኝተው ነዋ።»

«ለምን ሁለት ሁለት ሆነው ተኙ?»

«እንዴት ሁለት ሁለት?»

በጣቴ አሳየኋት። አንድ ሰፋ ያለ ነጭ፣ ከእሱ ቀጥሎ ረዘም ቀጠን ያለ ነጭ። ደግሞ አንድ ሰፊ፣ አንድ ቀጭን። ሦስት ቦታ። በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ አንድ ጥቁር ነገር በአግድም ተጋድሟል፤ ግንድ የወደቀባቸው ይመስላል። ሦስቱም ጋ እኩል ነው።

እጄ ሳላዘው ወደ ወገቤ ሄደ።

ልጄ እንጨት እሸከም እንደነበር ታውቃለች። ስለ መደበቁ ግን ነግሬያት አላውቅም። የደን ጥበቃ ሲመጣ ጎንበስ ብለን ፈፋ ውስጥ እንገባና በሆዳችን እንተኛለን። ሸክሙን አንፈታም። ቅጠሉ በወገባችን ላይ በአግድም እንደታሰረ፣ ገመዱ ደረታችንን እንደያዘ ነው የምንተኛው። ምክንያቱም አንዴ ከተፈታ ብቻሽን መልሰሽ አታነሺውም፤ ስትታገዪ ደግሞ ይደርሱብሻል። እናት ለልጇ «በሆዴ ተኝቼ፣ ትንፋሼን ውጬ አሳደግኩሽ» አትልም። ዝም ይባላል። እኔም ዝም ብዬ ነበር።

እርጥብ ቅጠል ደግሞ ይቀዘቅዛል። በሙቀት በሚያይ ካሜራ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ከላይ ትከሻና ጭንቅላት፣ ከታች እግር፤ መካከሉ ጥቁር። አንዷን ሴት ሁለት ያደርጋታል።

«ቅድስት» አልኩ። «ስድስት አይደሉም። ሦስት ናቸው። ጅብ አይደሉም፣ ሴቶች ናቸው። ቅጠል ተሸክመው የተኙ ሴቶች ናቸው።»

አቶ ግርማ ተቆጡ። «ምን ማለትሽ ነው? እሷ የተማረችበትን አንቺ...»

«እኔም የተማርኩበትን ነው የምነግርዎት!» አልኳቸው። በዕድሜዬ ሰው ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። «ልጄ፣ ደውይላቸው!»

«ስልካቸውን አጥፍተዋል እኮ!»

ማዶው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሳቸው ከሄዱ ከዚያ በላይ ሆኗቸዋል። ብጮህ ነፋሱ ወደ እኛ ነው የሚመልሰው።

ያን ጊዜ ልጄ ዓይኗ ፈጠጠ። «ድምፁን ከሰሙ ያወጡታል... እማዬ፣ ድሮኑን ከሰሙ ጥይቱን ያወጡታል!»

«አንሺዋ!»

«ባትሪው አልቋል፤ ሌላኛው ግማሽም የለውም...»

«አታንሺው!» አሉ አቶ ግርማ። «ጅቦቹ ከሆኑስ? በርግገው ሰፈር ቢገቡብንስ?»

ቅድስት እኔን አየችኝ። እኔ፣ መብራት ማጥፋቴን ሦስት ጊዜ የማየው ሴትዮ፣ «አንሺው፣ ጅብ ከሆኑ እኔ እጠየቃለሁ» አልኳት። ባትሪውን መቀየር ጀመረች። እስኪነሳ አልጠበቅኩም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ቁልቁል ሮጥኩ።

ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ባሕር ዛፍ ቅጠል የለበሰ ቁልቁለት እንደ ሳሙና ነው። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ሁለተኛው ላይ መዳፌ ተላጠ። ድሮኑ በላዬ አልፎ ሲሄድ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ የሚጠብቀው ተኩስ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ የሚሰበር ጭራሮ ተኩስ ይመስለኛል። እየሮጥኩ ስሌቱ ገባኝ። እነዚያ ሴቶች ለምን ተኙ? ድሮኑን አይተው። ድሮኑን ለምን ፈሩት? ጫካውን ፎቶ ያነሳል ተብለው። ማን ነገራቸው?

አልቆምኩም።

ፈፋው አፋፍ ላይ ስደርስ ጋሽ ደምሴን አየኋቸው። መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ድሮኑ ከራሳቸው በላይ ያንዣብባል። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ሰማይ ጉልበታቸው ላይ ተደግፏል፤ ጥይቷ መዳፋቸው ላይ ናት። ቁጥቋጦው ከእሳቸው ሠላሳ እርምጃ ቢርቅ ነው።

«ሰው ነው!» አልኳቸው። «ጋሽ ደምሴ፣ ሰው ነው!»

ጥይቷን ጨበጧት።

ወደ ቁጥቋጦው ዞሬ «ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። «ጥበቃ አይደለንም፣ ውጡ!» ቅጠል እንኳ አልተነቃነቀም። እኔም እነሱን ብሆን አልወጣም ነበር፤ ጥበቃም እኮ «ጥበቃ አይደለንም» ይላል። «እኔ ነኝ! የቅድስት እናት! የላምበረቷ ሽሮ ሻጭ!»

ትንሽ ቆይቶ ከመሬት ውስጥ የመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ።

«ቅጠሉን ትወስዱብናላችሁ?»

የአለሚቱ ድምፅ ነበር። ተቀምጬ አለቀስኩ። ሞት ሠላሳ እርምጃ ላይ ሆኖ እሷ ስለ ቅጠሏ ትጠይቃለች። «አንወስድም» አልኩ። «ማንም አይወስድባችሁም።»

ሦስት ሴቶች በጉልበታቸው እየዳሁ ወጡ። ፀጉራቸው ላይ ሁሉ ቅጠል ተጣብቋል። ሸክማቸው ወገባቸው ላይ እንደታሰረ ነው። ቅድስት ድሮኑን መልሳ አሳርፋ እየሮጠች ስትደርስ ሴቶቹ ገና ከተቀመጡበት አልተነሱም። አለሚቱ ፊት ተንበርክካ ገመዱን ልትፈታላት ሞከረች።

«ተይው፣ ተይው!» አለቻት አለሚቱ። «ብትፈቺው ማን ያነሳልኛል?»

ቅድስት ገመዱን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «እማዬ... አንቺም እንዲህ ትተኚ ነበር?»

«አዎ» አልኳት። ልጄ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

አለሚቱ እኔን አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ግራ የተጋባች ናት። «እትዬ፣ ፎቶ ሊያነሳ ነው አላሉኝም? ቅጠል የሚለቅመውን ለቅሞ ሊያስይዘን ነው ብለን እኮ ነው የገባነው። ሄዶልናል ስንል ደግሞ ባለ ጠመንጃ መጣ።» ወደ ጋሽ ደምሴ በአገጯ አመለከተች። «ይሄኛውን አልነገሩኝም።»

«አልነገርኩሽም» አልኳት።

ጋሽ ደምሴ ያን ጊዜ ነበር የተናገሩት፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ይመስል ነበር። «ማነከሱን ሳላይ አልተኩስም ብዬ ነበር። ቅጠሉ ሲነቃነቅ ጅብ አየሁ። እውነቴን ነው፤ ጆሮውን አየሁ፣ ጀርባውን አየሁ። ስድስት ጅብ አለ ስለተባልኩ ዓይኔ ራሱ ጅብ ሠራልኝ። አርባ ዓመት ያመንኩት ዓይን ነው።» ድሮኑ ባይመጣ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር አልጠየቅናቸውም። እሳቸውም አልነገሩንም።

አቶ ግርማ ሜዳው ላይ እንደቆሙ ጠበቁን። ሴቶቹን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ። አለሚቱ በፊታቸው ስታልፍ «እንደምን ዋሉ አባቴ» አለቻቸው፤ ሸክም ላይ ሆና አንገቷን እስከቻለች አዘንብላ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማንን ልውቀስ? አቶ ግርማ ያስቸኮሉት ለልጆቹ ብለው ነው። ጋሽ ደምሴ አንዱን ሕጋቸውን ጥሰው አንዱን ጠበቁ፤ የጠበቁት አተረፋቸው። ቅድስት ያየችውን ተናገረች። እኔ ነኝ በጥንቃቄ የዋሸሁት። የሚያስፈራውን ቃል ቀንሼ ሰውን ከፍርሃት ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ግማሽ እውነት ሲሰጠው ሰው ሌላውን ግማሽ ከራሱ ፍርሃት ይሞላዋል። የእነ አለሚቱ ፍርሃት ደግሞ ጅብ አልነበረም፤ ጥበቃ ነበር። እኔ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ላስታውሰው ስላልፈለግኩ ነው።

ስለዚህ ድሮን የምታበሩ ልጆች፣ እንደ እናታችሁ ምክር ቁጠሩት። ፈቃድ ወረቀት ላይ መያዝ ጥሩ ነው፤ እኔም ኮፒውን አልተውም። ግን ከድሮኑ ሥር ያለው ሰው ለምን እንደመጣችሁ ካላወቀ ፈቃዱ ለእሱ ምንም አይደለም። አውሬ ስትፈልጉ ከጠመንጃ ጋር አብራችሁ አትብረሩ። ያያችሁትን ነገር ስም ከመስጠታችሁ በፊት ያን ቦታ በእግሩ የሚያውቅ ሰው ይየው፤ ሽሮ ሻጭም ብትሆን። ዛሬ ያያችሁት ነገ ካለ ያገኛችሁታል፤ ነገ ከሌለም የጎደለው ጅብ ብቻ ነው። እናንተ ደግሞ መልእክት አድርሱ የምትባሉ፣ ቃሉን ሳትቀንሱ አድርሱ። ጠመንጃ ካለ ጠመንጃ አለ በሉ።

ልጄና እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ እናወራለን። ዘጠኙን ዓመት በትንሽ በትንሹ ትጠይቀኛለች። እነግራታለሁ።

ጅቡ አሁንም ነበርና ሥራው ከሳምንት በኋላ ተደገመ። በዚህኛው ጊዜ ቤት ለቤት አልዞርኩም። ጎህ ሲቀድ ቅጠል ለቃሚዎቹ የሚወጡበት ቀጭን መንገድ ላይ ቆምኩ። ለመጣችው ሁሉ እንዲህ አልኩ፦ «ዛሬ ድሮን አለ፣ ልጄ ናት የምታበረው። ነገ ጠዋት ደግሞ ጠመንጃ አለ። ለሚያነክሰው ጅብ ነው፣ ለእናንተ አይደለም። ነገ በዚህ በኩል ማንም አይግባ።» አንዳንዷ አመሰገነችኝ፣ አንዳንዷ ተሳደበች፤ የቀን ገቢዋን ነው የነካሁባት። አንዷ «አንቺ ደግሞ እኛን ከምታስቀሪ ጅቡን ብታስቀሪው አይሻልም?» አለችኝ። ተሳሳቅን። ኮሚቴው ለማግስቱ ምሳ የሚሆን ገንዘብ እንዲያወጣ ለምኜ ነበርና፣ ከእኔ ቤት ሽሮ እንዲበሉ ጠራኋቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ላይ ቅድስት ከማዶ ሜዳ ደወለችልኝ። እኔ፣ መንገዱ ላይ የጠበቅኳቸው አለሚቱና ሌሎች ሁለት ሴቶች ወደ ሰፈር ስንወርድ፣ እነሱ ሸክማቸውን ወደ ጎን አውርደው ሁላችንም አንድ ገላጣ ቦታ ላይ እያረፍን ነበር።

«እማዬ፣ ከላይ ሰው እያየሁ ነው። እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን።»

«ስንት ናችሁ?»

ዞሬ አየኋቸው። አለሚቱ ገመዷን እየጠቀለለች ነው፤ አንዷ ጫማዋን አውልቃ እሾህ ትነቅላለች፤ አንዷ ወደ ሰማይ አንጋጣ እጇን ታውለበልባለች።

«አራት» አልኳት።

«አራት አየሁ» አለች ልጄ።